ምዕራፍ ሰባት፦ ያልተገናኙ ጫፎች

በሳዑዲ አረቢያ ጂዛን ከተማ ውስጥ የአካባቢውን የድሮ አኗኗር ለማሳየት የተሠራ የቅርስ መንደር አለ። ኢትዮጵያዊ እግሩ ወደዚያ ቢጥለው ከአንዱ ቤት ፊት ቆሞ መደነቁ አይቀርም። ግድግዳው ክብ፣ ክዳኑ ሣር፣ አናቱ ሾጣጣ፣ በሩ አንድ። ባሕር ተሻግሮ ጎጆ ያገኘ ይመስለዋል። የአገሬው ሰው «ዑሻ» ይለዋል። ቀይ ባሕርን ታኮ በተዘረጋው የቲሃማ ሞቃት ሜዳ ላይ ሰው ለብዙ ዘመን የኖረው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው፤ ውስጡን በጭቃ ይለስነዋል፣ በደማቅ ቀለም ያስጌጠዋል። ከሜዳው ወደ ምሥራቅ፣ ለየመን ድንበር ቀረብ ብሎ ወደሚቆመው የፈይፋ ተራራ ለወጣ ደግሞ ክብነቱ በድንጋይ ይጠብቀዋል። በእርከን እርሻዎች መሀል እንደ ማማ ሽቅብ የተካቡ ክብ የድንጋይ ቤቶች አሉ።

በዚህ ምዕራፍ ከእነዚህ ቤቶች አንዱን ይዘን ወደ ኮምፒውተር እንገባለን። ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ድራፍቲንግ ተምሮ በጂዛን አካባቢ በሳምታ ወይም በአቡ ዐሪሽ ትንሽ የንድፍ ቢሮ ውስጥ የተቀጠረ ወገናችን፣ በዑሻ ቅርጽ የሚሠራ የእንግዳ ማረፊያ ሞዴል እንዲያዘጋጅ ታዘዘ እንበል። ፕላኑ በሌላ ሰው እጅ በአውቶካድ ተሥሎ በፋይል ደርሶታል። ወለሉ 3 ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ ነው። ግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፤ በሩ 90 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ልጁ ፋይሉን ወደ ስኬችአፕ ያስገባዋል። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ማውዙን ይዞ ግድግዳውን ሽቅብ ሊስበው ይሞክራል፤ የሚሳብ ነገር የለም። መስመሮቹ አሉ፣ ግድግዳው ግን የለም። ደጋግሞ ይሞክራል፤ ፋይሉን ዘግቶ ይከፍታል፤ ውጤቱ ያው ነው።

ፕላን ከሌላ ሶፍትዌር ተቀብሎ ሞዴል ያነሣ ሰው ሁሉ ይህን ሰዓት ያውቀዋል። አዲስ አበባም ይሁን ጂዛን፣ መንስኤው አንድ ነው፦ ለዓይን የተገናኙ የሚመስሉት ጫፎች አልተገናኙም።

ዓይን የሚሞላው፣ ማሽን የማይሞላው

ግንበኛ ወረቀት ላይ የተሣለ ፕላን ሲያነብ ክፍተት አይፈልግም። የማዕዘኑ ሁለት መስመሮች በፀጉር ስንጥቅ ያህል ቢራራቁም ማዕዘን መሆኑን ያውቃል። ሲባጎውን ይወጥራል፣ ቱምቢውን ይጥላል፣ ውሃ ልኩን ያያል፣ ግንቡን ያቆማል። የጎደለውን የሚሞላው ዕውቀቱ ነው፤ ቤት ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ያውቃልና። በዚያ ላይ የወረቀቱ መስመር ራሱ ውፍረት አለው። የግማሽ ሚሊ ሜትር ብዕር ሩብ ሚሊ ሜትር የምትሆነውን ስህተት ውጦ ያስቀራታል።

ፋይል ውስጥ ያለ መስመር ውፍረት የለውም። የሚታየው ውፍረት ለዓይናችን ሲባል የተጨመረ ነው። መስመሩ በእውነት ያለው ሁለት ነጥብ ብቻ ሲሆን እያንዳንዱ ነጥብ ደግሞ ሦስት ቁጥር ነው፤ ወደ ጎን ስንት፣ ወደ ፊት ስንት፣ ወደ ላይ ስንት። የአንድ ክፍል ማዕዘን ማለት የአንደኛው መስመር የመጨረሻ ቁጥሮች ከሁለተኛው መስመር የመጀመሪያ ቁጥሮች ጋር ሲገጥሙ ማለት ነው። ካልገጠሙ ማዕዘን የለም፤ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት መስመሮች ብቻ አሉ።

ስኬችአፕ ለዚህ መግጠም የራሱ ወሰን አለው። ሁለት ነጥቦች ከአንድ ኢንች አንድ ሺህኛ በታች ከተቀራረቡ አንድ ነጥብ ናቸው ይላል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ወሰኑ 0.0254 ሚሊ ሜትር፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ከዚያ በላይ ከተራራቁ ሁለት ናቸው። «ገጽ» የሚባለው፣ ማለትም ሽቅብ ተስቦ ግድግዳ የሚሆነው ስፋት፣ የሚፈጠረው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ መስመሮቹ ዞረው ወደ ተነሡበት ነጥብ መመለስ አለባቸው። ሁለተኛ ሁሉም በአንድ ጠፍጣፋ ላይ መተኛት አለባቸው። የልጁ ክብ ቤት አንድ ቦታ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖራት ለፕሮግራሙ አጥሩ ያልተዘጋ ግቢ ናት፤ ውስጥና ውጭ የላትም።

ለምን ይበጠሳል?

የመጀመሪያው ምክንያት የእጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ በዋለው አውቶካድ ነዳፊዎች የተለማመዱት ትልቅ ዕርዳታ ጠቋሚውን ወደ መስመሩ ጫፍ ስቦ የሚያጣብቀው መሣሪያ ነው። ነዳፊው ያን አጥፍቶ በዓይኑ ግምት ሲሥል መስመሩ ወይ ሳይደርስ ይቀራል ወይ ያልፋል። ፕላኑ ለኅትመት ብቻ የታሰበ ከሆነ ማንም አይነቅፈውም፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ሌላ ሰው ሞዴል ሊያነሣበት ሲነሣ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታ ነው። ከላይ ሲታዩ ሁለት መስመሮች ተነካክተዋል፤ ከጎን ሲታዩ ግን አንዱ መሬት ላይ፣ አንዱ 3 ሚሊ ሜትር ሽቅብ ተንሳፍፏል። የቀያሽ የከፍታ ነጥቦች ከፕላኑ ጋር በተቀላቀሉበት ፋይል ይህ የተለመደ ነው። ከላይ ብቻ እያየ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢፈልግ አያገኘውም።

ሦስተኛው ለክብ ቤታችን የተለየ ነው። አውቶካድ ክብን በማዕከሉና በሬዲየሱ ያስቀምጠዋል፤ እውነተኛ ክብ ነው። ስኬችአፕ ግን እውነተኛ ክብ አያውቅም። ክብ ሲሣልበት፣ ቁጥሩን ካልለወጡለት በስተቀር፣ 24 ቀጥ ያሉ መስመሮችን በክብ ያሰልፋል። ባለ 3 ሜትር ሬዲየስ ክብ በ24 ቀጥታ መስመር ሲተካ እያንዳንዱ መስመር በመሀሉ ላይ ከእውነተኛው ክብ 2.6 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። የወለሉም ስፋት 0.32 ካሬ ሜትር ያህል ይቀንሳል። አሁን ከውጭ መጥቶ ቤቱን የሚነካ የግቢ አጥር አለ እንበል። አጥሩ የተሣለው እውነተኛውን ክብ እንዲነካ ነው። ክቡ ወደ ቀጥታ መስመሮች ሲቆራረጥ የአጥሩ ጫፍ 2.6 ሴንቲ ሜትር ርቆ አየር ላይ ይቀራል። ከውስጥ የመጣ ክፋይ ግድግዳ ደግሞ በዚያው መጠን አልፎ ይወጣል። እዚህ ላይ የነዳፊው እጅ አልሳተም፤ ክፍተቱ የተወለደው በሁለት ሶፍትዌሮች ቋንቋ መካከል ነው። መድኃኒቱም ጫፎችን መጎተት ሳይሆን ክቡን ማድቀቅ ነው። በ96 መስመር ቢሠራ ልዩነቱ ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል።

አራተኛው ምክንያት ቤቱ ምድር ላይ ያለበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ በእጁ ያለ ሰው በካርታው ላይ ለእያንዳንዱ የግቢ ማዕዘን ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች ተጽፈው አይቷል። ከነዚህ አንዱ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የሚቆጠር ርቀት ነው፤ ለአዲስ አበባ አንድ ሚሊዮን ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ጂዛን ወደ ሰሜን ራቅ ስለሚል በዚሁ አቆጣጠር ወደ 1,870,000 ሜትር ይደርሳል። ቀያሹ የመሬቱን ቅርጽ በእነዚህ ቁጥሮች ለነዳፊው ሲሰጥ ነዳፊውም እንዳለ ሲያስገባው፣ ያቺ ትንሽ ዑሻ ከሞዴሉ መነሻ ነጥብ 1,870 ኪሎ ሜትር ርቃ ትቀመጣለች።

ምን ይጎዳል? ኮምፒውተር ቁጥርን የሚይዘው በተወሰነ የአኃዝ ብዛት ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር 15 ያህል አኃዝ ስለሚይዝ ለዚህ ርቀት ይበቃል። ሥዕሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣው የግራፊክስ ካርድ ግን በአብዛኛው 7 አኃዝ ያህል በሚይዝ አጭር ቁጥር ይሠራል። በዚያ አጭር ቁጥር፣ በሜትር ሲቆጠር፣ አዲስ አበባ ላይ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል 6.25 ሴንቲ ሜትር አለ፤ ጂዛን ላይ 12.5 ሴንቲ ሜትር። በመካከላቸው ቁጥር የለም። መስመሮች ስክሪኑ ላይ ይንቀጠቀጣሉ፣ ጫፎች ዘለው ሌላ ቦታ የሄዱ ይመስላሉ፣ ነዳፊውም ያልተበጠሰውን ሊጠግን የተበጠሰውን ያልፋል። ስለዚህ ማንኛውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት ሥዕሉን ወደ መነሻው ማምጣትና የተነሣበትን ርቀት በማስታወሻ መያዝ ያስፈልጋል።

ሌሎቹን ምክንያቶች ባጭሩ እንለፋቸው። በተቆራረጠ ምልክት የሚታይ መስመር በአንዳንድ ቅየራ ወደ እውነተኛ ቁርጥራጮች ሊለወጥ ይችላል። ከወረቀት ተቃኝቶ ወደ መስመር የተቀየረ ሥዕል በየማዕዘኑ ይሰነጠቃል። አንዱ መስመር በአንድ ግሩፕ፣ ሌላው በሌላ ግሩፕ ውስጥ ከታሰረ ቁጥራቸው ፍጹም ቢገጥምም አይዋሐዱም። አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ የተሣለ መስመር ደግሞ አንድ መስሎ ሁለት ይሆናል።

ቀጣዮቹ

ስኬችአፕ የተወለደው በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት በቦልደር ከተማ፣ አት ላስት ሶፍትዌር በሚባል ትንሽ ኩባንያ ሲሆን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በ2006 ጉግል ገዛው፤ በ2012 ደግሞ በቅየሳ መሣሪያዎቹ የሚታወቀው ትሪምብል ወሰደው። ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ቀን በ2004 አራተኛው እትም ሲወጣ ነው። ፕሮግራሙ በሩቢ ቋንቋ ለሚጽፉ ሰዎች ክፍት ተደረገ። ሩቢ ጃፓናዊው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ በ1995 ይፋ ያደረገው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ችሎታ ያለው ተጠቃሚ የጎደለውን መሣሪያ ራሱ ጽፎ ለሌላው ማካፈል ቻለ። ፕለጊን የምንለው ይኸው ነው። የመስመር መበጠስ ሁሉንም ያስመረረ ስለነበር ቀደም ብለው ከተጻፉት መካከል ለዚህ ችግር የታሰቡ ይገኙበታል። ቶድ በርች ያልተገናኙ ጫፎችን ፈልጎ በያንዳንዱ ላይ ምልክት የሚያቆም ጻፈ፤ ስሙ ስትሬይ ላይንስ ነው። ሪክ ዊልሰን የተነካኩ ቁርጥራጮችን አንድ መስመር የሚያደርገውን ዌልድ ጻፈ። ኖርዌያዊው ቶማስ ቶማሰን ክፍተት ፈልጎ የሚዘጋውንና መስመር የሚያጠራውን ኤጅ ቱልስ አበረከተ።

እነዚህ መሣሪያዎች ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሠራሉ፤ ብዙ ጀማሪ ግን ያምታታቸዋል። መዝጋት ማለት ተራርቀው የነበሩ ሁለት ጫፎችን ማገናኘት ነው፤ በመካከላቸው አጭር መስመር በመጨመር ወይም አንዱን ወደ ሌላው በመሳብ። መበየድ ደግሞ ቀድሞውኑ የተነካኩ ቁርጥራጮችን በአንድ ጠቅታ የሚመረጡ አንድ ተከታታይ መስመር ማድረግ ነው። ብየዳ ክፍተት አይዘጋም። ልጁ የቤቱን ክብ መርጦ ዌልድን ቢጫን፣ ክፍተቷም እንዳለች ክቡ ቢታዘዘው፣ ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል፤ ገጹ ግን አሁንም አይፈጠርም።

ክፍተት ፈላጊው ክፍተትን እንዴት ያገኛል? መልሱ ቆጠራ ነው። በየነጥቡ ላይ ስንት መስመር እንደሚገናኝ ይቆጥራል። በደንብ የተዘጋ ቅርጽ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ ቢያንስ ሁለት መስመር ይዟል፤ አንዱ ይመጣል፣ ሌላው ይሄዳል። ግድግዳ ከግድግዳ በሚጋጠምበት ሦስት ሊሆን ይችላል። አንድ ብቻ የያዘ ነጥብ ግን ጎዳናው የተቋረጠበት ጫፍ ነው። ነጥብ ላይ የሚገናኙ መንገዶችን መቁጠር ትልቅ ምስጢር እንደሚፈታ ያሳየው ሊዮንሃርድ ኦይለር ነበር፤ በ1736 በኮኒግስበርግ ከተማ ሰባት ድልድዮች ላይ። የዛሬው ፕለጊን የእሱን ቆጠራ በሰከንድ ውስጥ አሥር ሺህ መስመሮች ላይ ያካሂደዋል።

ጫፎቹ ከተገኙ በኋላ ለእያንዳንዱ ጥንዱን መፈለግ ይመጣል። አሥር ሺህ የተበጣጠሱ መስመሮች ሃያ ሺህ ጫፍ አላቸው። እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ማወዳደር ወደ 200 ሚሊዮን ንጽጽር ይጠይቃል። ጥሩ የተጻፈ ፕለጊን ይህን አያደርግም። ሥዕሉን እንደ ቀበሌ በትንንሽ ካሬዎች ይከፍለዋል፤ አንድን ጫፍ የሚያወዳድረው በራሱና በጎረቤት ካሬዎች ውስጥ ካሉት ጋር ብቻ ነው።

ሸማኔ ይህን ሥራ ከኮምፒውተር በፊት ያውቀዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ድሩ ሲበጠስበት ይቆማል፤ ሁለቱን ጫፎች ይፈልጋል፤ ይቀጥላል። ድካሙ ያለው ቋጠሮው ላይ ሳይሆን ፍለጋው ላይ ነው። ቅርብ ያለው ጫፍ ሁሉ የዚያ ክር ጫፍ አይደለምና። የሌላውን ክር ይዞ ከቋጠረ ሸማው አይቀደድም፤ ጥለቱ ግን ይዛባል፤ መዛባቱም የሚታየው ብዙ ከተሸመነ በኋላ ነው።

ስንት ይሁን?

ፕለጊኑ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ እስከ ስንት የሚደርስ ክፍተት ልዝጋ? ብዙ ሰው ይህን ሣጥን አንድ ቁጥር ጽፎበት ያልፋል። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ሁሉ የተቀመጠው ግን እዚያ ሣጥን ውስጥ ነው።

የልጁ ፕላን ላይ ሦስት ዓይነት ክፍተት አለ። የመጀመሪያው 0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእጅ ስህተት ነው፤ መዘጋት አለበት። ሁለተኛው 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዑሻው ጎን በተሣለው ረጅም የኮንክሪት ሕንፃ ላይ መሐንዲሱ አስቦበት የተወው የመስፋፊያ ክፍተት ነው። ኮንክሪት በሙቀት ይረዝማል። 30 ሜትር ርዝመት ያለው ኮንክሪት በ30 ዲግሪ ሲሞቅ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። እንደ ጂዛን ባለ ፀሐይ ስር ያ ክፍተት ከሌለ ሕንፃው መተንፈሻ አጥቶ ራሱን ይሰነጥቃል። ሦስተኛው 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በሩ ነው።

ነዳፊው ወሰኑን 1 ሚሊ ሜትር ካለ ስህተቱ ይዘጋል፣ ሁለቱ ይተርፋሉ። 25 ሚሊ ሜትር ካለ ሕንፃው መተንፈሻውን ያጣል። ፋይሉ በሜትር መሆኑን ዘንግቶ «1» ብሎ ከጻፈ ደግሞ በሩ ይደፈናል፤ ፕለጊኑም ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ አንድም ክፍት ጫፍ አልቀረም ብሎ ያበሥረዋል። ለማሽኑ ሦስቱ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የርዝመት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስህተት፣ ሁለተኛው ጥንቃቄ፣ ሦስተኛው መግቢያ መሆኑን የሚያውቀው ቤት የሚያውቅ ሰው ነው።

ጥቂት ጠለቅ እንበል። የበሩ ዳር ላይ ግድግዳውን የሚዘጉት አጫጭር መስመሮች ሳይሣሉ ቢቀሩ አራት ክፍት ጫፎች ይቀራሉ፤ ሁለት ከውስጠኛው ክብ፣ ሁለት ከውጨኛው። ትክክለኛው መገናኛ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በግድግዳው ውፍረት 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ስህተቱ ከውስጥ ወደ ውስጥ፣ በበሩ ስፋት 90 ሴንቲ ሜትር ነው። «ቅርብ ያለውን አገናኝ» የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ይሠራል፤ 30 ከ90 ያንሳልና። ያንኑ ሕግ ይዘን ወደ ፈይፋ ተራራ እንውጣ። የድንጋይ ቤት ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ ነው። ግድግዳው 50፣ መስኮቱ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ቅርብ ያለው ጫፍ ከመስኮቱ ማዶ ያለው ይሆናል። ሜዳ ላይ ትክክል የነበረው ሕግ ተራራ ላይ መስኮት ይደፍናል። ሕጉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቤቱ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። አሥር ነጥቦች በ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ተሰልፈው ቢገኙ፣ ወሰኑም 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ አንዱ ጎረቤቱን እየሳበ ሁሉም ወደ አንድ ነጥብ ሊወድቁ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን ነዳፊው የፈቀደው 1 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ የተንቀሳቀሰው 9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጥቃቅን ጌጥ ባለበት ሥዕል ላይ ይህ ጌጡን ያጠፋል።

ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ ቅደም ተከተል አለው። የመጣውን ፋይል ሳይነካ ቅጂ ያስቀምጣል። መለኪያው ሚሊ ሜትር ይሁን ሜትር፣ ስፋቱን የሚያውቀውን አንድ በር ለክቶ ያረጋግጣል። ሥዕሉን ወደ መነሻው ያመጣል። ከፍታውን ሁሉ ወደ ዜሮ ያወርዳል። የተደራረቡትን ያጠፋል፣ የታሰሩትን ግሩፖች ይፈታል። ከዚያ በኋላ ብቻ ክፍተት ፈላጊውን ያስነሣል፤ መጀመሪያም እንዲያሳየው እንጂ እንዲዘጋ አያዝዘውም። ወሰኑን ከ0.1 ሚሊ ሜትር ይጀምራል፤ ወደ 1 ያሳድገዋል። ከዚያ በላይ ለሆነው እያንዳንዱን ክፍተት በዓይኑ አይቶ፣ ምንነቱን ጠይቆ፣ በእጁ ይዘጋዋል ወይም ይተወዋል። ብየዳው የመጨረሻው ሥራ ነው።

መስመርና መንደር

ጂዛን ክብ ቤቶች ያሏት አገር ብቻ አይደለችም። የረጅም መስመር መጀመሪያም ናት። የሳዑዲ አረቢያና የየመን ድንበር ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሲሆን ቀይ ባሕር ዳር፣ በሳዑዲዋ ሙወስምና በየመኗ ሚዲ መካከል ይነሣል። ከዚያ በአል ጡዋልና በሳምታ በኩል አልፎ፣ ወደ ፈይፋና ወደ ዳይር ተራሮች ወጥቶ፣ ወደ በረሃው ይቀጥላል። ይህም መስመር ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው።

የመጀመሪያው ቁራጭ የተሣለው እ.ኤ.አ. በ1934 በጣኢፍ ስምምነት፣ ሁለቱ አገሮች ከተዋጉ በኋላ ነው። ያን ጊዜ መስመሩ የተገለጸው በቃላት ነው፦ ይህ መንደር፣ ይህ ጎሣ፣ ይህ ተራራ፣ ይህ ሸለቆ እየተባለ። ከተራራው በስተምሥራቅ ያለው በረሃ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያልተዘጋ ቅርጽ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2000 በጂዳ የተፈረመው ስምምነት ቁርጥራጮቹን አገናኘ። አንደኛው ክፍል ከባሕር ዳር እስከ ጀበል አል ሣር ያለው የቀድሞው የጣኢፍ መስመር ነው። ሁለተኛው ከዚያ ተነሥቶ የሳዑዲ፣ የየመንና የኦማን ወሰን እስከሚገናኝበት፣ 19 ዲግሪ ሰሜንና 52 ዲግሪ ምሥራቅ ድረስ ይሄዳል። ሦስተኛው ባሕሩ ላይ ነው። የቃሉ መስመር ወደ ቁጥር ተለወጠ፤ ነጥቦቹ በኬክሮስና በኬንትሮስ ተዘረዘሩ። የአውቶካድ ፋይል የያዘውን ዓይነት ዝርዝር ማለት ነው።

የስምምነቱ ጸሐፊዎች ግን ከነጥቦቹ ዝርዝር ጋር አንድ አንቀጽ ጨመሩ። ከተዘረዘሩት ነጥቦች አንዱ መንደር ላይ ቢያርፍ መንደሩን ነጥቡ አይከፍለውም። መንደሩ የማን ወገን እንደሆነ ይታያል፤ የድንበር ምልክቱ ሲተከልም መስመሩ በዚያው መሠረት ይስተካከላል። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ሰው የሚኖርበት ቤት ካገኘ፣ የሚጠመዘዘው ቁጥሩ ነው። ይህ የንድፍ ባለሙያ ሊማርበት የሚገባ አንቀጽ ነው። ጸሐፊዎቹ ዝርዝራቸውን አምነው መሬት ላይ ሲደርሱ ምን ሊጠብቃቸው እንደሚችል አስቀድመው አሰቡ፤ ማሰባቸውንም ጻፉት።

በአማርኛ ስለ ጂዛን ሲጻፍ ሌላውን እውነት ማለፍ አይቻልም። በብዙ የኢትዮጵያ ቤት ይህ ስም የሚታወቀው በጅቡቲና በየመን አቋርጦ በሚመጣው የስደት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በዚህ መስመር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ብሏል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። ስለ መስመር የሚጽፍ ሰው መስመሩ ላይ የወደቁትን ሳይጠራ ወደ ሥራው ቢመለስ ጽሑፉ ራሱ የተበጠሰ ይሆናል።

አሁን ወደ ልጁ ቢሮ እንመለስ። ልጁ ሥዕሉን ወደ መነሻው አምጥቶ፣ ከፍታውን አስተካክሎ፣ ክፍተቶቹን አስቆጥሯል። ስክሪኑ ላይ ምልክቶች ተሠልፈዋል። ጥቃቅኖቹን በ1 ሚሊ ሜትር ወሰን ዘግቷቸዋል። ከክቡ የራቀውን አጥር ክቡን በ96 መስመር ሠርቶ አስጠግቶ ቀሪውን በእጁ ዘግቶታል። የመስፋፊያውን ክፍተት እንዳለ ትቶታል። ከዚያ ሌላ አራት ጫፎች ቀርተዋል፤ አራቱም በሩ ላይ ናቸው። ፕለጊኑን ዘጋና ራሱ ሁለት አጫጭር መስመሮችን ሣለ፤ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። የግድግዳው ገጽ ወዲያው ሞላ። ያዘውና ሽቅብ ሳበው።

ግድግዳው 3 ሜትር ተነሣ፤ በመካከሉ 90 ሴንቲ ሜትር ሰው የሚገባበት ክፍት ሆኖ ቀረ።